እጅ የተማረውን አይረሳም

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ጤና አጠባበቅ ከእናንተ ጋራ ስንነጋገር ቈይተናል። በዚህ ወር ደግሞ ስለ አንድ ዕውቀት ለመጻፍ አስበናል። ዕውቀቱ በልጅነት ተምረውት እስከ እርጅና ድረስ ከሰው የማይለይ ነው፤ በዕድሜ ሙሉ ምናልባት ጥቂት ጊዜ ብቻ ያስፈልጋል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን በምንም አይተካም። ይኸውም የመጀመሪያ ርዳታ፥ ማለት ጕዳት የደረሰበት ሰው ከሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ በአጠገቡ ያለ ሰው የሚያደርግለት ርዳታ ነው። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋግ ኽምራ፥ በሰሃላ ምድር በዓይናችን ያየነው ነገር ነው።

ሰሃላን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል እንናገር። ከሰቆጣ ከተማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ደጋውን እየለቀቀ ቍልቍል ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። አገሩ ቆላ ነው፤ ፀሓዩ ብርቱ፥ ዝናቡ ጥቂት፥ ገደሉ ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዋግን የመታው ድርቅ እጅግ ከበረታባቸው ወረዳዎች አንዱ ይኸው ሰሃላ ነበረ። ሕዝቡ ግን መከራን የለመደ፥ እንግዳን የሚያከብር፥ ፍየል የሚያረባ፥ ንብ የሚያነባ ሕዝብ ነው። በእንዲህ ያለው አገር አንድ ሰው ከገደል ቢወድቅ ወይም እባብ ቢነድፈው ከአደጋው እስከ ሐኪሙ ያለው ጊዜ በደቂቃ ሳይሆን በሰዓት ይቈጠራል። እነዚያን ሰዓቶች የሚሞላቸው የጎረቤት እጅ ነው። እንግዲህ ያ እጅ የሚያደርገውን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ጥያቄው ይህ ነው።

ወደ ሰሃላ የወረድነው ለዘመዳችን ተዝካር ነበረ። ወሩ ኅዳር ነው፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ ተዝካሩን ለማውጣት ቤተ ዘመድ ሁሉ ይሯሯጣል። ሴቶቹ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወንዶቹ ዳስ ይጥላሉ፤ ወጣቶቹ እንጨት ይፈልጣሉ። ከወጣቶቹ አንዱ፥ ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆን ልጅ፥ ምሳሩን ከፍ አድርጎ ሲያወርድ ምሳሩ ከግንዱ ነጥሮ ባቱን ከፈለው። ደሙ ወዲያው እንደ ምንጭ ፈለቀ።

ያን ጊዜ የሆነውን ለመናገር እናፍራለን። ስንት ሰው ተሰብስቦ ሳለ ማናችንም ምን ማድረግ እንደሚገባ አላወቅንም። እናቲቱ ደረቷን እየደቃች ትጮኻለች፤ አንዱ ዐመድ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው የቡና ዱቄት ይጠራል፤ ሦስተኛው ጠፍር ፍለጋ ይሮጣል። እኛም፥ መጽሔት የምናዘጋጅና ሌላውን የምንመክር ሰዎች፥ እጃችንን አጣጥፈን ቆመናል። በዚህ መካከል ከዳሱ ጥግ ተቀምጠው የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር ብድግ ብለው መጡ።

ሽማግሌው አልጮኹም፥ አልሮጡምም። ልጁን በጀርባው አስተኙት። የአንዲቱን ሴት ንጹሕ ነጠላ ተቀብለው አጥፈው አጥፈው ወፍራም አደረጉትና ከቍስሉ ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ጠበቅ አድርገው ተጫኑ። የቡናውን ዱቄት ይዛ ለመጣችው ሴት፥ «ልጄ፥ ቡናውን ለመጠጥ አስቀምጪው» አሏት። ወደ እናቲቱም ዘወር ብለው፥ «አንቺ አይዞሽ፤ አሁን እኔ የማዝሽን አድርጊ። አቡነ ዘበሰማያትን በዝግታ ሃያ ጊዜ ድገሚ፤ ሃያ ጊዜ ሳትጨርሺ ማንም ይህን ጨርቅ እንዳያነሣ» አሏት። እናቲቱም ጩኸቷን ትታ መድገም ጀመረች።

በኋላ እንደ ገባን ይህ ጸሎት ብቻ አልነበረም፤ ሰዓትም ነበረ። አቡነ ዘበሰማያት በዝግታ ሃያ ጊዜ ሲደገም ዐሥር ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገው ጊዜም ይኸው ነው። ሰው ግን ሲጨንቀው በየጊዜው ጨርቁን እያነሣ «ቆመ ወይስ አልቆመም?» ብሎ ያያል፤ ባየ ቍጥርም የረጋውን ደም ያፈርሰዋል። ደሙ በጨርቁ ዘልቆ በመጣ ጊዜም ሽማግሌው የመጀመሪያውን ሳያነሡ ሌላ ጨርቅ ደረቡበት። እናቲቱ ሃያውን ስትጨርስ ደሙ ቆሞ ነበረ። ከዚያ በኋላ ነጠላውን በሌላ መቀነት አስረው፥ ልጁን በጋቢ አልብሰው፥ ሁለት ጠንካራ እንጨትና ሁለት ጋቢ አስመጥተው ቃሬዛ ሠሩ። ወጣቶቹም እየተፈራረቁ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ልጁም ድኖ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል።

በዚያ ምሽት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሽማግሌውን፥ «አባታችን፥ ይህን ከየት ተማሩት?» ብለን ጠየቅናቸው። ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፤ «በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስካውት ነበርኩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ አለቃችን እርስ በርሳችን እንድንተሳሰር ያዘን ነበር። አንዱ ቍስለኛ ይሆናል፥ ሌላው ያክመዋል። ቋጠሮውን በብርሃን ካወቅነው በኋላ ዓይናችንን ሸፍነን እንቋጥረው ነበር። የዘመርነውን መዝሙር ሁሉ ረስቻለሁ፤ የገባሁትን ቃል እንኳ ዛሬ ሙሉውን አልናገረውም። እጄ ግን አልረሳም።» «ስንት ጊዜ ጠቀመዎ?» ብንላቸው ጥቂት አስበው፥ «ከዛሬው ጋራ አራት ጊዜ» አሉ።

ውድ አንባቢያን ሆይ፤ ይህን መልስ አስተውሉት። ከሃምሳ ዓመት በላይ አራት ጊዜ ብቻ! በገበያ ሂሳብ ብንቈጥረው ይህን ያህል የተለማመዱት ነገር አራት ጊዜ ብቻ ማገልገሉ ኪሳራ ይመስላል። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ የዚያ ልጅ ሕይወት ነው። እናቲቱ ሂሳቡን ብትጠየቅ ምን ትመልስ ይመስላችኋል?

ስካውት የሚባለው የወጣቶች ማኅበር መሥራች ባደን ፓወል የተባለ እንግሊዛዊ ጄኔራል ነው። በ1899 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1907) ሃያ ያህል ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወስዶ ለጥቂት ቀናት በድንኳን አስቀመጣቸው። ልጆቹም የሀብታምም የድኻም ልጆች ነበሩ። እሳት ማንደድ፥ ፈለግ መከተል፥ ገመድ መቋጠርና የሰውን ሕይወት ማዳን በጨዋታ መልክ ተማሩ። በሚከተለው ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ በብዙ አገሮች ተሰራጨ፤ የማኅበሩም መፈክር «ዝግጁ ሁን» የሚል ሆነ። ባደን ፓወል በመጨረሻ ዘመኑ በጎረቤታችን በኬንያ፥ ኒዬሪ በምትባል ከተማ ተቀምጦ፥ አገራችን ነፃነቷን በተቀዳጀችበት በ1933 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ።

ስካውቶች በአንገታቸው የሚያስሩትን ጨርቅ ብዙ ሰው ለጌጥ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ጨርቁ ሲፈታ የሦስት ማዕዘን ፋሻ ይሆናል፤ የተሰበረ ክንድ ይይዛል፥ የቈሰለ ራስ ያስራል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ጨርቅ ከሌላ አገር መዋስ አያስፈልገንም። በየቤታችን ነጠላ አለ። ነጠላችን በማዕዘን ሲታጠፍ የክንድ ማንጠልጠያ፥ ተደራርቦ ሲታጠፍ የቍስል መጫኛ፥ በቀጭኑ ሲጠቀለል ማሰሪያ ይሆናል። ቃሬዛንም ቢሆን አያቶቻችን ሲሠሩበት ኖረዋል። የጎደለን ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው ከእጃችን ሳለ እንዴት እንደሚሠራበት መለማመድ ነው።

በአገራችንም የስካውት ጓዶች በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተቋርጠው ቈይተው በኋለኛው ዘመን ደግሞ የስካውት ማኅበር እንደገና ቆሟል። የቀይ መስቀል ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ ጋራ ጐን ለጐን ሲሄድ ኖሯል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው የፋሺስት ጦር ወሰናችንን ሊጥስ በተዘጋጀበት ወራት፥ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ወራት በኋላም ጦርነቱ ተነሣ። ልዕልት ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሴቶች ጋራ ሆነው ለቍስለኛ የሚሆን ፋሻ ያዘጋጁ ነበር፤ በስደት ዘመን ደግሞ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ሙያ ተማሩ።

ለዋግ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከሰቆጣ ወደ ምሥራቅ በምትገኘው በቆረም አጠገብ ሐኪም ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ የአምቡላንስ ጓድ ድንኳኑን ተክሎ ቍስለኞችን ያክም ነበር። በየካቲት ወር 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላን የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበትን ይህንኑ ሰፈር በቦምብ ደበደበው። ሐኪም ሜሊም ሥራቸውን ሳይተዉ ቈይተው በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተመተው ሞቱ። በእንዲህ ያለ ሰዓት አንድ ሐኪም ለሺህ ቍስለኛ አይበቃም፤ ፋሻ ማሰር የሚያውቅ ተራ ሰው ሁሉ የሐኪሙ እጅ ይሆናል። በቅርቡም ጦርነት በዋግ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ሲዘረፉና ሲዘጉ ሕዝቡ ይህንኑ በራሱ ደርሶ አይቶታል።

አሁን ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። ወደ ሰሃላ ከመውረዳችን ከብዙ ዓመታት በፊት ትንሿ ልጃችን የፈላ የጀበና ውሃ በእጇ ላይ ፈሰሰባት። እኛም ወላጆቿ እንደ ሰማነው ቂቤ ቀባንላት፤ ያደረግነው ለፍቅር ነው። ከሕክምና ቤት ስንደርስ ግን ድሬሰሩ ያንን ቂቤ ከተቃጠለው ቆዳ ላይ መጥረግ ነበረበት። የዚያች ሕፃን ጩኸት ዛሬም ከጆሯችን አልወጣም። ያን ቀን ሕፃኒቱን ሁለት ጊዜ ያሳመማት ውሃው ብቻ አይደለም፤ አንዱን ጊዜ ያሳመምናት እኛው ነን። በጎ ፈቃድ ያለ ዕውቀት እንዲህ ያደርጋል።

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን። ስለ ርኅራኄው ብዙ ተሰብኳል፤ ነገር ግን ሳምራዊው ያደረገውን አንድ በአንድ ብንመለከት፥ ያዘነ ብቻ ሳይሆን ሥራም የሚያውቅ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ወደ ቍስለኛው ቀረበ፤ በነበረው ዘይትና ወይን ቍስሉን አከመ፤ አሰረው፤ በራሱ አህያ ጫነው፤ ወደ ማደሪያ አደረሰው፤ ወጪውንም ከፈለ። አዝኖ ቢያለቅስ ብቻ ኖሮ ቍስለኛው በመንገድ ዳር በሞተ ነበር።

ከሽማግሌው ጋራ ባደረግነው ጭውውት ያልጠበቅነው ሌላ ቃል ደግሞ ሰማን። «እጅ የተማረውን አይረሳም ብያችኋለሁ፤ ነገር ግን ስሕተትንም አይረሳም» አሉን። በልጅነታቸው እባብ የነደፈውን ሰው ከንድፉ በላይ በገመድ አጥብቆ ማሰር፥ ንድፉን በምላጭ መብጣትና መርዙን መምጠጥ ተምረው ነበር። በዚያ ዘመን መጻሕፍት እንዲህ ይታዘዝ እንደ ነበረ እውነት ነው። ዛሬ ግን ይህ ሁሉ ጕዳት እንደሚያመጣ ታውቋል። ማሰሩ እግርን እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል፤ መብጣቱ ደም ያፈሳል፤ መምጠጡም መርዙን አያወጣም። በውሃ የሰጠመውንም በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫን የቀድሞ ትምህርት ነበር፤ እርሱም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ቀርቷል። ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ ጨረሱ፤ «አንዲት የጤና ሠራተኛ፥ የልጅ ልጄ የምትሆን፥ አረመችኝ። መጀመሪያ ተቈጣሁ፤ በኋላ ግን አመሰገንኳት።» እንግዲህ የልጅነት ትምህርት ዘላቂነቱ የሚጠቅመው ሰው ትምህርቱን በየጊዜው ሲያድስ ነው። እኛም ይህን ልብ ብለን፥ ዛሬ ትክክል መሆኑ የታወቀውን በአጭሩ እንጽፋለን። እናቶችና አባቶች ለልጆቻቸው ያንብቡላቸው።

አንደኛ፤ ስለ ደም መፍሰስ። ቍስለኛውን አስተኝቶ በንጹሕ ጨርቅ ቍስሉን በብርቱ መጫንና ዐሥር ደቂቃ ሳያነሡ መያዝ ነው። ደሙ ቢዘልቅ ሌላ መደረብ ነው። ዐመድ፥ ቡና፥ አፈር ወይም ቅጠል በቍስል ላይ አይጨመርም። በቍስሉ ውስጥ የተሰካ ነገር ቢኖር አይነቀልም፤ በዙሪያው ይታሰራል እንጂ። በመጫን ፈጽሞ የማይቆም የእጅ ወይም የእግር ደም ቢያጋጥም ከቍስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ይህን የተማረ ሰው ቢያደርገው ይሻላል፤ የታሰረበትም ሰዓት መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፤ ስለ ቃጠሎ። ቂቤ፥ እንቍላል፥ ሊጥ፥ የጥርስ ሳሙና ሁሉ ክልክል ነው። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ያስፈልጋል። እንደ ሰሃላ ውሃ በእንስራ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር፥ የፈሰሰውን በሳፋ ተቀብሎ መልሶ መላልሶ ማፍሰስ ይቻላል። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይመጣ ይወልቅ። ውሃ የቋጠረው አይፍረጥ። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ስብራት። የተሰበረውን ለማቅናት አንታገል፤ በተገኘበት ሁኔታ በሁለት ቀጥ ያለ እንጨት መካከል አድርገን፥ በመካከሉ ልስላሴ ያለው ጨርቅ አስገብተን፥ ከስብራቱ በላይና በታች እንሰረው። የጣቱ ጫፍ ቢጠቍር ወይም ቢደነዝዝ ማሰሪያው ጠብቋል ማለት ነው፤ ይላላ።

አራተኛ፤ ስለ እባብ ንድፍ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፍን በ2009 ዓ.ም. ትኵረት ከተነፈጋቸው የቆላ አገር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው፥ ብዙ ገበሬና እረኛ የሚጠቃበት ስለ ሆነ ነው። የተነደፈው ሰው አይሩጥ፥ በእግሩም አይሂድ፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ታስሮ ጸጥ ይበል፤ ቀለበትና ጫማ ይውለቅ፤ ሰውየውም በቃሬዛ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ። እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል ሲሉ ሌላ ሰው ማስነደፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ውሃ መስጠም። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዋግ ቆላ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል፤ ወጣቶችም ዓሣ ያጠምዱበታል። ሰው ሲሰጥም ዋና የማያውቅ ተከትሎ አይግባ፤ በትር ይዘርጋ፥ ገመድ ወይም ባዶ ጀሪካን ይወርውር። ከውሃ የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ያስፈልጋል፤ ይህ ግን በንባብ ብቻ የሚገኝ አይደለምና ከአሠልጣኝ ዘንድ በእጅ ልንማረው ይገባል።

ስድስተኛ፤ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ። ሕፃን የሚሞተው ከሰውነቱ ውሃ ሲያልቅ ነው። ከጤና ኬላ የሚሰጠው በውሃ የሚበጠበጥ ጨው ከሁሉ ይበልጣል። እርሱ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ጨው ከልክ ካለፈ ይጎዳልና ልኩ ይጠበቅ። የጡት ወተትም አይቋረጥ።

ስለ እነዚህ ስንጽፍ ሁለት ማሳሰቢያ እንጨምራለን። የመጀመሪያ ርዳታ ስሙ እንደሚናገር የመጀመሪያ እንጂ የመጨረሻ አይደለም፤ ሐኪምን አይተካም፤ ወደ ሐኪም ያደርሳል። ደግሞም ምእመናን ወደ ጸበል የመሄድ ልማዳችን የተቀደሰ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ደሙ የሚፈስስን ወይም እባብ የነደፈውን ሰው ሕክምና ሳያገኝ ረጅም መንገድ ማንከራተት አይገባም። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። የዚያች እናት አቡነ ዘበሰማያትና የሽማግሌው መዳፍ አብረው እንደ ሠሩ አይተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የስካውት ጓድ በየገጠሩ የለም፤ በሰሃላም የለም። ነገር ግን በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፤ በየመንደሩ ማኅበርና ቅሬ አለ፤ በየጤና ኬላው፥ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተስፋፋው ሥርዐት መሠረት፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። የቀይ መስቀል ማኅበርም የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። በወር አንድ ቀን፥ ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነጠላቸውን ይዘው ቢሰበሰቡና የጤና ሠራተኛዪቱን ቢጋብዙ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ነጠላው አለ፤ ልጆቹ አሉ፤ የሚያስፈልገው ሰብሳቢ ብቻ ነው።

በቤትም ቢሆን ወላጆች ከእራት በኋላ በጨዋታ መልክ መጀመር ይችላሉ። አንዱ ልጅ ክንዱ የተሰበረ ይሁን፤ እኅቱ በነጠላ ታንጠልጥልለት። የቋጠሮውም ሥርዐት ይህ ነው፤ ቀኙን ጫፍ በግራው ላይ፥ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። እንዲህ የተቋጠረ ቋጠሮ ጠፍጥፎ ይተኛል እንጂ ቍስለኛውን አይቈረቍረውም፤ ሲስቡት ይጠብቃል፤ ሊፈቱት ሲሹም በቀላሉ ይፈታል። ልጆቹ በብርሃን ካወቁት በኋላ ዓይናቸውን ሸፍነው ይቋጥሩት፤ እውነተኛው አደጋ በሌሊትና በድንጋጤ ይመጣልና። ይህን ልምምድ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። ነገሩ ለወንዶች ልጆች ብቻ እንዳይመስለን፤ ከሁሉ በፊት ከምድጃው አጠገብ የምትገኘው ሴት ልጅ ናት።

ከሰሃላ ከመመለሳችን በፊት በነበረው ማለዳ ሽማግሌውን ልንሰናበት ስንሄድ በዋርካ ጥላ ሥር አገኘናቸው። ልጆች ከብበዋቸዋል። አንዱ ትንሽ ልጅ በእግሩ ላይ ነጠላ ታስሮበት እየሳቀ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ደግሞ ማን ቶሎ ቋጠረ እያሉ ይከራከራሉ። ሽማግሌው አንዱን ቋጠሮ ፈትተው፥ «አይደለም ልጄ፤ ቀኙን በግራው ላይ» እያሉ እንደገና ያሳዩ ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ይህን ቋጠሮ የሚፈልገው ምናልባት ከአርባ ዓመት በኋላ ይሆናል። የሚያድነው ሰውም ምናልባት ገና አልተወለደም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ውድ አንባቢያን ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሔቱን አስቀምጡና ልጃችሁን ጠርታችሁ ነጠላ አስይዙት። የሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።